የማይነካ ኮምፒውተር ምን ያስተምራል?

በዚህ እትም ስለ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ያለኝን አስተያየት ላካፍላችሁ ነው። የማይስማማ ካለ በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል መጥቶ ይከራከረኝ።

ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። በሩ ላይ ያለውን ቁልፍም እናውቀዋለን። እኔ ማውስ የሚባለውን ነገር የተማርኩት ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎ ነው። መምህራኖቻችንን ግን አልወቅስም። ኮምፒውተር ውድ ዕቃ ነው፤ ተማሪ ቢያበላሸው የሚጠየቀው ፈርሞ የተረከበው መምህር ነው። ስለዚህ ይቆለፋል። ግን የማይነካ ኮምፒውተር ከሥዕል በምን ይሻላል? ዋና እንኳ ውኃ ሳይገቡ አይለመድም እኮ!

እንዲህ ያለ ፍርሃት ሌላ አገርም ነበረ። እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ፣ ኤበን አፕተን የሚባል ሰውና ባልደረቦቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ኮምፒውተር ለመማር የሚያመለክቱ ልጆች ቁጥር መቀነሱን አዩ። የሚመጡትም ፕሮግራም መጻፍን እንደ ድሮዎቹ ተማሪዎች አልለመዱም። የቤት ኮምፒውተር የቤተሰብ ሁሉ ስለሆነ ልጅ እንደፈለገ አይሞክርበትም። ስለዚህ ልጆች ሳይፈሩ የሚነካኩት ርካሽ ኮምፒውተር ለመሥራት ተነሡ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ራዝቤሪ ፓይ የተባለችው ኮምፒውተር ለሽያጭ ቀረበች። የተማሪ መታወቂያችንን የምታክል አንዲት ሰሌዳ ናት፤ ዋጋዋም 35 ዶላር ነበር። በ2015 ደግሞ ከእሷ የምታንስ ፓይ ዜሮ የምትባል በ5 ዶላር ወጣች። ይባስ ብሎ አንድ የእንግሊዝ መጽሔት ሽፋኑ ላይ ለጥፎ በነፃ አደላት! በ2016 ቢቢሲ ማይክሮ ቢት የምትባለውን ትንሽ ሰሌዳ 11 እና 12 ዓመት ለሆናቸው የአገሩ ተማሪዎች አደለ። ማለትም የኛ እኩዮች ናቸው፤ ሰሌዳዋም የራሳቸው ሆነች።

ታዲያ ምን ትሠራለች? ራዝቤሪ ፓይን ቴሌቪዥን ላይ በገመድ ሰክተን፣ ኪቦርድና ማውስ ብንጨምርላት ሙሉ ኮምፒውተር ትሆናለች። ኤሌክትሪክ የምታገኘው እንደ ሞባይል ቻርጀር ባለ ገመድ ነው። ስክራች በሚባለው የልጆች ፕሮግራም ጨዋታና ተንቀሳቃሽ ሥዕል መሥራት እንችላለን፤ እሱ ደግሞ በአማርኛም አለ። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን አንድ ጊዜ ጭነን ያለ ኢንተርኔት ማንበብ እንችላለን። የማጣቀሻ መጽሐፍ ወረፋ ለምንጠብቅ ልጆች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ርካሽ ናት ትላለህ እንጂ ሌላውስ ዕቃ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ ቻርጀሩና ሚሞሪ ካርዱ ለብቻ ይገዛሉ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ መሆኑም ዋጋውን ይጨምረዋል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ካርዱ ላይ ያለው ሊበላሽ ይችላል።

ግን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ፕሮግራሙም የኛም ሥራ ያለው ካርዱ ላይ ነው። ቀድመን ሌላ ካርድ ላይ ገልብጠን ካስቀመጥን፣ ተማሪ ፕሮግራሙን ቢያበላሸው ወይም መብራት ቢያበላሸው፣ የተበላሸውን ካርድ አውጥቶ ሌላውን መክተት ነው። በቃ! መምህሩ ከነገ ጀምሮ በምን ልጠየቅ ነው ብሎ አይጨነቅም፤ እኛም መንካት አንፈራም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችንና ለወላጅ መምህር ኅብረት አንድ ሐሳብ አለኝ። በወላጆች በዓል ከሚሰበሰበው ገንዘብ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ከሁለት ካርድ ጋር ይገዛልን። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ትቀመጥ። በየእረፍቱ ሦስት ሦስት ተማሪ በስም ዝርዝር ይጠቀም፤ መዝገቡን የኛ ክበብ ይይዛል። ከ1ኛ ክፍል ያሉትም ተራ ይድረሳቸው። አንድ ዓመት ሞክረን ካልጠቀመች፣ በሚቀጥለው ዓመት እትም ላይ ይጻፍብን።

አሥር የተቆለፉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ከሚኖሩን አንዲት የምትነካ ትንሽ ብትኖረን እመርጣለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? አስተያየታችሁን በሚኒ ሚዲያ የሐሳብ መስጫ ሳጥን አስገቡልኝ። ለዛሬው በዚሁ አበቃሁ፤ ቸር እንሰንብት!