የፈላ ሞተርና የሚኤሶ ዳገት

ሐምሌ 19 ይሁን ታኅሣሥ 19፣ ቤተሰቡን በአሮጌ መኪና ጭኖ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄድ ሰው አዋሽን ካለፈ በኋላ ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው መንቀል ያቅተዋል። እውነቱን ነው። በቦርዶዴና በአሰቦት በኩል እስከ ሚኤሶ ያለው ቆላ ነው፤ ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ የጨርጨርን ተራራ ይዞ ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ይወጣል። የጥንቱ ባቡር እንኳ ይህን ዳገት አልደፈረውም፤ ሐዲዱ በአፍደም በኩል ቆላ ለቆላ ነው ድሬዳዋ የሚደርሰው።

ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ይሠራል፣ መኪናው ግን ቀስ ስለሚል ራዲያተሩን የሚመታው ንፋስ ያንሳል። ሜዳ ላይ ሕመሙን ደብቆ የቆየ ሞተር እዚህ ይጋለጣል።

መርፌው መውጣት ሲጀምር ኤሲውን ያጥፉ፤ መስኮቶቹን ከፍተው የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይልቀቁት። በዚያ ሐሩር ልጆቹ ማጉረምረማቸው አይቀርም፤ ግን ማሞቂያው ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይወስዳል። ቀዝቃዛ አየር ከነፈሰ ውሃው ጎድሏል ማለት ነው። እንፋሎት ከታየ ወይም መርፌው ቀዩን ከነካ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ፤ ልጆቹንና አያትን ከአስፋልቱ አርቀው ጥላ ሥር ያስቀምጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት አደገኛ ነው፤ ሁሉም ክዳኑን ለመክፈት ይቸኩላልና። ጭሮ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ያለው ግን በክዳኑ ስለታፈነ ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲነሳ ግፊቱ ይለቀቅና ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይፈነዳል። ላዩ በእጅ እስኪያዝ ይጠብቁ፤ ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ይዘው ትንሽ ብቻ ያላሉት፤ ፉጨቱ ካቆመ በኋላ ይክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

መካኒኩ ዘንድ ሲደርሱ «ሞቀብኝ» ብቻ አይበሉ፤ መቼ እንደሞቀ ይንገሩት። ከተማ ውስጥ ቆሞ የሚሞቅና መንገድ ሲይዝ የሚበርድ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፋኑ ነው። ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ ራዲያተሩ በዝገት ወይም በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። ገና እንደተነሱ ከሞቀ፣ የላይኛው ጎማ ቱቦ ግሎ የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ አልከፈተም ይሆናል። የሚያንጠባጥብ ሳይኖር ውሃ እየጎደለ ነጭ ጭስ ካልጠፋ፣ ወይም ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ፣ የቴስታው ጋስኬት ሄዷል፤ መኪናው በገመድ ይጎተት እንጂ ቤተሰብ ጭኖ አይቀጥል።

«አገሩ ሞቃት ነው» እያሉ ቴርሞስታቱን ነቅለው የሚጥሉ መካኒኮች አሉ። እኔ አልስማማም። በደጋው ማለዳ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ ነዳጅ ይበላል፤ የተደፈነው ራዲያተርም እንደተደፈነ ይቀራል። ሁልጊዜ የቧንቧ ውሃ መሙላትም ዝገቱን ያባብሳል፤ ኩላንት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የተረፈውን ኩላንት ግን በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጎ ወንበር ሥር የሚያስቀምጥ ሾፌር ብዙ ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ነው፤ ጣዕሙም ይጣፍጣል፤ የተጠማ ልጅ ለስላሳ ይመስለዋል። በአብዛኛው ኩላንት ውስጥ ያለው ኤትሊን ግላይኮል ግን ኩላሊት የሚያበላሽ መርዝ ነው። በራሱ ዕቃ ታሽጎ ከሻንጣው ጋር ከኋላ ይቀመጥ፤ የሚጠጣው ውሃም ለብቻው ይያዝ። ልጅ ከቀመሰው ደህና ቢመስልም አያስታውኩት፤ ዕቃውን ይዘው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።