አሮጌው ጣራ መቼ ይነሳ?

በቅርቡ በማኅበራችን ክበብ አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። ከጓደኞቻችን አንዱ «የፒያሳ አሮጌ ሱቆች ቢፈርሱ ምን ያስለቅሳል? ሥልጣኔ እኮ ጭቃ ቤት አይወድም» ሲል ብዙዎች አጨበጨቡለት። ከአማኑኤል የመጣን ተማሪዎች ግን እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ጭቃ ቤት ናፍቆን አይደለም፤ በጭቃ ቤት አድገናልና ክረምት ሲገባ እንዴት እንደሚያፈስ ከማንም ይልቅ እናውቃለን። እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው፤ ቤቱ የሚፈርሰው መቼ ነው? አዲሱ እስኪሠራስ ድረስ ማን ይጠቀምበታል?

በአገራችን በማቻከል ገበሬ ቤቱን ሲያድስ ሥርዓት አለው። ማገሩን ሳያስቆርጥ፣ ሣሩን ሳያሳጭድ፣ ለደቦው ጠላ ሳያስጠምቅ አሮጌውን ጣራ አያነሳም። አዲሱ ቤት ቆሞ ምርጊቱ እስኪደርቅ ድረስም አሮጌው ሥራ አይፈታም፤ እህል ይቀመጥበታል፣ ጥጃ ይታሰርበታል፣ ወጥ ይሠራበታል። ሰኔ ሲገባ ጣራውን አንስቶ «እንጨት እስካገኝ ነው» እያለ የሚቀመጥ ሰው ቢገኝ የመንደሩ መሳቂያ ይሆናል።

በከተማ ግን ይኸው የሚያስቅ ነገር በማኅተም ተደግፎ ሲሠራ ታይቷል። በፒያሳ እምብርት፣ ከምኒልክ አደባባይ አጠገብ የሚገኘው ሰፊ ቦታ ትልቅ ሕንፃ ይሠራበታል ተብሎ ተወስዶ ለሃያ ዓመት ያህል ታጥሮ ኖረ። አጥሩ ሲቆም የተወለደ ልጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ሕንፃው ግን አልተወለደም። በኋላ የከተማው አስተዳደር ቦታውን አስመልሶ የዓድዋ ድል መታሰቢያን ሠራበት፤ መታሰቢያውም በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ፍጻሜው ማለፊያ ነው። የሃያው ዓመት ኪሳራ ግን በማን መዝገብ ተጻፈ? በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንት ልብስ ሰፊ፣ ስንት ሰዓት ጠጋኝ፣ ስንት አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ እንጀራውን ሊበላበት ይችል ነበር?

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ቦታ የወሰደ ሰው ግንባታውን የሚጀምርበትና የሚጨርስበት ጊዜ እንዲወሰን አዝዞ ነበር። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ግን የሚጠይቅ ካልተገኘ ወረቀቱ ከአጥሩ አይሻልም።

ሌላም ነገር አለ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ከፒያሳ ሱቆች ብዙዎቹ የቀበሌና የኪራይ ቤቶች ሆነዋል። ስለዚህ ዕድሜውን በአንድ ሱቅ የፈጀ ወርቅ ሠሪ ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ እንዲህ ያለው ሰው ከግድግዳው ጋር ደንበኛውንም አጣ። ምትክ ቦታ ቢያገኝ እንኳ ደንበኛ በካርታ አይሰጥም።

«አሮጌ ቤት ምን ይሠራል?» የሚለን ካለ ወደ ጣይቱ ሆቴል እንመራዋለን። እቴጌ ጣይቱ ካቋቋሙት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከአሮጌ አዳራሾቹ አንዱ ጃዝአምባ የሚባል የሙዚቃ ቤት ሆኖ ትልቅና ትንሹ አብሮ ይሰማበት ነበር። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሳና ጃዝአምባን በላው፤ የሆቴሉንም ክፍል አቃጠለ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አሮጌ ቤት ሰው ሲገባበት ነፍስ ይዘራል፤ ጥንቃቄ ሲጎድል ደግሞ የመቶ ዓመት ሥራ በአንድ ቀን አመድ ይሆናል። እንግዲህ «ይቆይ» ስንል ሽቦው ሳይመረመር፣ ውሃና መጸዳጃ ሳይገባ፣ ምሰሶው ሳይታይ ይቆይ ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የሚሠራው ሕንፃ ገንዘቡና ፕላኑ ተዘጋጅቶ ሳይታይ አሮጌው አይነካ። ሥራው ከዘገየም ቤቱ በር ተዘግቶበት የአይጥ መኖሪያ ከሚሆን ለሁለት ለሦስት ዓመት በአነስተኛ ኪራይ ለነበሩት ነጋዴዎች፣ ሥራ ላጡ ወጣቶች፣ ለንባብ ቤትና ለቴያትር ይሰጥ። ውሉ ላይ የሚለቁበት ቀን በግልጽ ይጻፍ፤ ቀኑ ሲደርስ ያለ ጭቅጭቅ ይውጡ። አንዳንዶች «አንዴ ከገቡ አይወጡም» ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ቀነ ገደብ በድሃው ተከራይ ላይ የሚጸና ከሆነ፣ ቦታ አጥሮ በሚያስቀምጠው ባለ ገንዘብም ላይ ይጽና።

ይህን የምንጽፈው ለፒያሳ ብቻ ተቆርቁረን አይደለም። የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ አልፎ ባሕር ዳርና ጎንደር ደርሷል። የአማኑኤልም ሱቆች ከዋናው አስፋልት ዳር ናቸው፤ መንገዱ አንድ ቀን ወደ እነርሱም ያመጣዋል። አባቶቻችን እህል ሸጠው፣ እናቶቻችን ጨውና ጋዝ ገዝተው ያስተማሩን በእነዚያ ሱቆች ነው። አዲስ ከተማ ይሠራልን፤ ደስ ይለናል። ነገር ግን የሚሠራልን ሰው አስቀድሞ ማገሩን ያሳየን፤ ጣራውን ለማንሳት ያኔ እኛም ለደቦው እንወጣለን።