ሰርቨሩ ከመጣሉ በፊት

በብዙ መሥሪያ ቤት ሰርቨር «አልቻለም» በተባለ ቁጥር ለአዲስ ግዢ ጨረታ ይወጣል፤ አሮጌው ንብረት ክፍል ገብቶ አቧራ ይለብሳል። ይህ ልማድ ዛሬ ዋጋው ከብዷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር 100 ብርን ተሻግሯል። ስለዚህ አዲስ ሰርቨር ከመግዛታችን በፊት የያዝነውን ፕሮሰሰር ከነሙቀት ማስወገጃው መቀየር ያዋጣ እንደሆነ መመርመር ግዴታ ሊሆን ይገባል እላለሁ። «ከነሙቀት ማስወገጃው» የምለው ሆን ብዬ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ሁለቱን በመነጣጠል ነውና።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣቸው የመጀመሪያ ትውልድ ዚዮን ስኬለብል ፕሮሰሰሮችና በ2019 የተከተሏቸው ሁለተኛ ትውልዶች የሚቀመጡት በአንድ ዓይነት ሶኬት ላይ ነው። ባለ 8 ኮሩ ሲልቨር 4110 ሁለት ሆኖ የተገጠመበት ሰርቨር፣ አምራቹ ከፈቀደና ባዮሱ ከታደሰ፣ ባለ 20 ኮሩን ጎልድ 6230 ሊቀበል ይችላል። ከ16 ኮር ወደ 40 ኮር ማለት ነው። ሳጥኑ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ሜሞሪውና ዲስኩ ባሉበት ይቆያሉ።

ነገር ግን ሲልቨር 4110 የተነደፈው ለ85 ዋት ሲሆን ጎልድ 6230 ለ125 ዋት ነው። ለትንሹ ፕሮሰሰር ታስቦ የመጣው ማስወገጃ ትልቁን ላያበርደው ይችላል። ይህ ሲሆን ሰርቨሩ አይቃጠልም፤ ቢቃጠል ኖሮ ስህተቱ ቶሎ በታወቀ ነበር። ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መሥሪያ ቤቱም የ20 ኮር ዋጋ ከፍሎ «አሁንም ቀርፋፋ ነው» ይላል። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ብዙ የሰርቨር አምራቾች 35 ዲግሪ ድረስ ይሠራል ያሉትን ዕቃ፣ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ቀንሱ ይላሉ። ለአዲስ አበባ ሲሰላ አምስት ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። የአየሩን ቅዝቃዜ አምኖ በማስወገጃው መቆጠብ ስሌቱን መሳት ነው።

«ባለሙያ ያበላሸዋል» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። በዚህ ሶኬት ቀጫጭኖቹ ፒኖች ያሉት በፕሮሰሰሩ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ ብዛታቸውም 3,647 ነው። አንዱ ቢታጠፍ ሰርቨሩ ተነሥቶ ግን የተወሰነ ሜሞሪ ጠፍቶበት ሊገኝ ይችላል። ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ ምሥጢር የለውም። ኃይሉ ይነቀላል፤ ባለሙያው ስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚያፈስ አምባር በእጁ ያስራል። በማስወገጃው ላይ ያሉት አራቱ ብሎኖች በተጻፈባቸው ቁጥር ተራ በተገላቢጦሽ ሲፈቱ ፕሮሰሰሩ ከሥር ተጣብቆ አብሮ ይነሣል። አሮጌው የሙቀት ቅባት በአይሶፕሮፒል አልኮል ተጠርጎ አዲስ ይቀባል። አዲሱ ፕሮሰሰር በፕላስቲክ መያዣው አስቀድሞ ማስወገጃው ላይ ይጣበቅና፣ የማዕዘኑ የሦስት ማዕዘን ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር ገጥሞ ሁለቱ በአንድነት ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ብሎኖቹም በመለኪያ ካቻቪቴ አምራቹ በጻፈው ልክ ይጠብቃሉ። በግምት የጠበቀ ብሎን ማስወገጃውን እንዲያዘነብል ያደርገዋል፤ ያዘነበለ ማስወገጃም አያበርድም። ይህን ሁሉ ለማስተማር የሚያስፈልገው ጥቂት ቀንና ለመለማመጃ የሚሆን አንድ የተጣለ ሰርቨር ነው፤ የተጣለ ሰርቨር ደግሞ አላጣንም።

ዋስትና ይቀራል ለሚለውም፣ ዋስትናው ያላለቀ ሰርቨር በአምራቹ ወኪል በኩል ይቀየር፤ እኔ የምከራከረው ዋስትናቸው ስላለፈው ነው። ከሁሉም የሚከብደኝ የሶፍትዌር ፈቃድ ጥያቄ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ከ2016ቱ እትም ጀምሮ የሚከፈልበት በኮር ቁጥር ስለሆነ 24 ኮር መጨመር ፈቃዱንም ያስወድዳል። መልሱ ግን ኮሩ 8 ሆኖ መነሻ ፍጥነቱ 3.6 ጊጋኸርዝ የሆነው ጎልድ 6244ን የመሰለ ፕሮሰሰር መምረጥ ነው። እሱም 150 ዋት ስለሆነ ወደ ማስወገጃው ጉዳይ ይመልሰናል። በእርግጥ አምራቹ ባዮሱን ማደስ ያቆመለት፣ ለደኅንነት ክፍተት ማረሚያ የማይመጣለት ማሽን ይሰናበት። ለእሱ ፕሮሰሰር መግዛት ጥፋት ነው።

የግዢና የአይሲቲ ኃላፊዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው የሰርቨር ጥያቄ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የያዛችሁትን ሞዴል አምራቹ ከሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ጋር አስተያዩ። ቅያሬው ካዋጣ ፕሮሰሰሩን፣ በዋቱ ልክ የሆነውን ማስወገጃ፣ ቅባቱንና አምራቹ ካዘዘ ጠንካራውን ማራገቢያ በአንድ ተራ ቁጥር ሥር ጠይቁ። በጨረታ ሰነዱም ላይ ሰርቨሩ የሚሠራበት ከፍታ በሜትር ይጻፍ።