ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ታሪኩ ይጻፍ

ለእንጅባራና ለዳንግላ ከተማ ከንቲባዎች
ለአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም መምሪያ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ ምግብ ቤቶቻችን ነው። የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የክልል ከተሞችን እያዳረሰ ባለበት በዚህ ጊዜ ጉዳዩን ማቆየት አልፈለግሁም። መንገድ ይስፋ፣ ከተማችን ትመር፤ በዚህ ከእናንተ ጋር ነኝ። የምለምነው ከመንገዱ ዳር የሚነሡት አሮጌ ቤቶች ታሪካቸው ከጭቃው ጋር እንዳይጣል ነው።

እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቋል። ገንዘብ ከፍሎ ሰው ቤት መብላት ነውር በነበረበት ዘመን አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ወስደው እየጋበዙ እንዳለማመዱበት ይተረካል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ሲቃጠል አገር ያዘነው የተቃጠለው ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ስንት ሰው የበላበት፣ የተጫወተበት ሰፈር ነው፤ የእያንዳንዱን ቤት ታሪክ ዛሬ ከማን እንጠይቃለን?

ወደ እኛ ልምጣ። እንጅባራ የመንገደኛ ከተማ ናት። በደብረ ማርቆስ በኩል ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዘው ያልፍባታል፤ ወደ ቻግኒና ወደ ጉባ የሚሄደውም የሚታጠፈው እዚሁ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በማይተናነስ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዷ አይጣል ነው፤ ማልዶ ከመኪና የወረደ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው ትኩስ ነገር ነው። ምግብ ቤቶቹን ያቆማቸው ይኸው ነው። ሾፌሩ መልእክት ያስቀምጥባቸዋል፣ ገበያተኛው ዕቃውን አደራ ይላል፣ ሽማግሌዎች የተጣላ ያስታርቁባቸዋል። አዲስ ተመድቦ የመጣ መምህር ደመወዝ እስኪወጣ የሚበላው እዚያ በዱቤ ነው። የዱቤውን ደብተር ገልጣችሁ እዩት፤ ስም፣ ቀን፣ «ሽሮ»፣ «በያይነት ከነሻዩ» እያለ ይወርድና ወር ሲያልቅ ይሰረዛል። ያልተሰረዘም ገጽ አለ። ባለቤቷ «ልጄ ነው፣ ሲያገኝ ይከፍላል» ብላ የተወችው ነው። ከዚህ ደብተር በላይ የከተማን ኑሮ የሚናገር ሰነድ አላውቅም፤ በየትኛውም ቤተ መዛግብት ግን አይገባም።

ዳንግላም እንዲሁ ናት። የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በቆንስልነት ያገለገለው ሮበርት ቺስማን ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 ታትሟል። እንግዳው ሰው የሠራውንና ያየውን ዛሬም እናነባለን። መንገደኛውን ሲያበሉና ሲያሳድሩ የኖሩትን የዳንግላ እናቶች በየትኛው መጽሐፍ እናግኛቸው? በፈረሶቻችን እንኮራለን፤ የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበርም ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ክብራችን ነው። ጥር 23 ቀን ከየወረዳው የመጣው እንግዳ ጉግሱን አይቶ ሲያበቃ የሚያርፈውና የሚጎርሰው ግን እነዚሁ ቤቶች ውስጥ ነው። ፈረሰኛው ሲመዘገብ አስተናጋጇ የምትቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

ሕጉ አይከለክላችሁም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት የሌለውን ቅርስ፣ ወግና ልማዱን ጭምር ያውቃል። ሌላ አገርም ተሞክሯል፦ የአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው የከተማ ሕግ ለነዋሪው ትርጉም ያላቸውን ካፌዎችና መጠጥ ቤቶች የሚመዘግብና የሚጠብቅ ኮሚሽን አቋቁማለች። እነዚያም የቡና መጠጫና የወሬ ቦታዎች ናቸው፤ ቤተ መንግሥት አይደሉም።

የምጠይቃችሁ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ አይደለም። የፕላን ባለሙያው ሜትር ይዞ ቤቱን ሊለካ በሚሄድበት ቀን የባህል ባለሙያው መቅረጸ ድምፅና ካሜራ ይዞ አብሮት ይሂድ። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በሥራው ቢታገዙ ለእነሱም ትምህርት ነው። ባለቤቷ ቤቱን መቼ እንደከፈተች፣ ማን እንደረዳት፣ እነማን እንደተመላለሱ ትናገር፤ በአማርኛም በአገውኛም ይቀረጽ። ደብተሩና ፎቶግራፉ በፈቃዷ ይገልበጥ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናለሁ። የግድግዳና የቆርቆሮ ካሳ ደንበኛን አይመልስም። የምትነሣው እናት ከከተማው ዳር ቦታ ተሰጥቷት ብትሄድ መንገደኛው አይከተላትም፤ ሠላሳ ዓመት የለፋችበት ስም በአንድ ወር ይጠፋል። ስለዚህ አዲስ በሚሠሩት ሱቆች ውስጥ፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ ቅድሚያው ለእሷ ይሁን፤ የቀድሞ የቤቷን ስምም በራፏ ላይ ትጻፍበት።

ሥራውን ከመናኸሪያዎቹ ዙሪያ ብትጀምሩት መልካም ነው፤ የቀደሙት ባለቤቶች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ምላሻችሁን በሚቀጥለው የሕዝብ መድረክ ላይ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የአዊ ልጅ