ያገለገለ ኮምፒዩተር ሲሰጥ ሥራው ተፈጽሞ ይሰጥ

ነጋዴው ለትምህርት ቤቶች የሚያደርገው ርዳታ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ መሄዱ የሚያስመሰግን ነው። ከዚሁም አንዱ፥ የንግድ ቤቶች አዲስ መሣሪያ ሲገዙ ያገለገሉትን ኮምፒዩተሮች ለተማሪዎች መስጠታቸው ነው። ስጦታው ተፈጸመ የሚባለው ግን ተቀባዩ ሊሠራበት ሲችል ነው ብዬ ስለማምን፥ በዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ እወዳለሁ።

በ2017 ዓ.ም. የማገለግልበት የንግድ ቤት ስምንት ኮምፒዩተሮችን ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሰጠ። «በመልካም ይዞታ ላይ የሚገኙ» ብዬ ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። ሦስት ወር ሳይሞላ ርእሰ መምህሩ ደውለው እንደ ነገሩኝ ግን፥ አምስቱ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛችንን የይለፍ ቃል እየጠየቁ አልከፈት ብለዋል፤ ከተከፈቱት በአንዱም ላይ የደንበኞቻችን የዱቤ መዝገብ ከነስማቸውና ከነዕዳቸው ተገኝቷል። ርእሰ መምህሩ ጨዋ ሰው ስለ ሆኑ ነገሩን በምስጢር ያዙልን። በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፥ በብዙ ዓመት ያተረፍነው የደንበኞች እምነት በአንድ ቀን በጠፋ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዝርዝሩን ስጽፍ አንዱንም ከፍቼ አላየሁምና።

ብዙዎቻችን ፋይሉን ደምስሰን ቅርጫቱን ባዶ ካደረግን መዝገቡ የጠፋ ይመስለናል። በተራው ሃርድ ዲስክ ላይ ግን ጽሑፉ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል፤ ፈልጎ የሚያወጣው ፕሮግራምም በቀላሉ ይገኛል። አዲሱን ዊንዶውስ በአሮጌው ላይ ደርቦ መጫንም የቀድሞውን ፋይል በሌላ ማኅደር ውስጥ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ በሕግ መቆየት ያለባቸው ሰነዶች አስቀድመው ይገልበጡ። ቀጥሎ ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር ይጻፍበት፤ ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው ዐይነት ከሆነም ለዚሁ በተዘጋጀው የማጥፊያ ትእዛዝ ይጽዳ። ከዚያ በኋላ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫን። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን መረጃ መጠበቅ በሕግም የሚያስጠይቅ ነገር መሆኑን አንርሳ።

የትኛው ይጫን የሚለው ጥያቄም መልስ ይፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከሌላው ሁሉ ጋር ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍል፥ ቢያንስም 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ስለሚጠይቅ፥ ብዙዎቹ አሮጌ መሣሪያዎች አይችሉትም። ያለ ፈቃድ የተገለበጠውን ጭኖ መስጠት ሕገ ወጥነትን፥ ምናልባትም ቫይረስን ለልጆች ማውረስ ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው መሣሪያ የሚስማማው እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ፥ ዋጋ የማይከፈልበትና በ4 ጊጋባይት ራም የሚሠራ ሲስተም ነው። ደብዳቤና ሠንጠረዥ የሚዘጋጅበት ሊብረኦፊስ ከርሱ ጋር ይመጣል፤ የዐማርኛ መጻፊያም ሊጨመርበት ይችላል። መምህራኑ የለመዱት ዊንዶውስን ስለ ሆነ መጀመሪያ ላይ መቸገራቸው አይቀርም፤ አንድ ገጽ መመሪያና የግማሽ ቀን ማሳያ ግን ይህን ያቃልላል።

«ተቀባዩ ራሱ ያስጭነው» የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ባለሙያ በሌለበት የገጠር ከተማ፥ በስልክ ኢንተርኔት ብዙ ጊጋባይት አውርዱ ማለት ምን ያህል ፍርድ ነው? እኛ ዘንድ ባለሙያውም ኢንተርኔቱም አለ፤ አንዴ የተዘጋጀ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽም ለሁሉም ይበቃል። ስምንቱን ኮምፒዩተሮች መልሰን ስናሠራ ባለሙያው የፈጀው ሁለት ቀን ብቻ ነበር፤ የተከፈለውም ገንዘብ ለጭነት መኪናው ከከፈልነው ያነሰ ነው።

ስለዚህ ምክር ቤታችን ለአባላቱ አንድ አጭር የስጦታ ቅጽ ቢያዘጋጅ መልካም ነው እላለሁ። በቅጹም ላይ ዲስኩ መጽዳቱ፥ ሲስተሙ በሕጋዊ መንገድ መጫኑና እያንዳንዱ መሣሪያ ተከፍቶ መታየቱ በባለሙያ ፊርማ ይረጋገጥ። ለደንበኛ የሚላክን ዕቃ ሳንፈትሽ እንደማንልክ ሁሉ፥ ለልጆች የምንሰጠውንም እንዲሁ ፈትሸን እንስጥ።