የፍሪሲዮን መክበድና የሠሪው ዕዳ

ከኒሙሌ ድንበር ተነሥቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ተሠርቶ በተፈጸመው የ192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ወደ ጁባ የሚገባ መኪና፣ በኡጋንዳ ምድር ግራውን ይዞ ሲጓዝ ቆይቶ በደቡብ ሱዳን ቀኙን መያዝ ስለሚገባው፣ መሪው በቀኝ የሆነ እንደ ሆነ ነጂው ቀድሞ ለማለፍ ፊቱን አሻግሮ ማየት ይቸግረዋል። ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ ባለንብረት መሪውን ከነፔዳሎቹ ወደ ግራ ያዛውራል፤ ሌላውም የደከመውን ሞተር አውጥቶ የባዕድ ሞተር ያስገባል። በጁባ ኒምራ ታላታን በመሰለ ሰፈር የሚኖር ሐበሻ እንዲህ ያለውን መኪና ከሌላ እጅ ሲገዛ፣ ምሥጢሩን አስቀድሞ የሚነግረው ግራ እግሩ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ከብዶ አልወርድ ይለዋልና።

ያን ጊዜ «አየር ገብቶበታል፣ ይተንፈስ» የሚለው ምክር አይጠፋም። ነገር ግን አየር ሲጫኑት የሚታመቅ ስለ ሆነ ፔዳሉን ያላላዋል እንጂ አያከብደውም። ምክንያቱን ሳይመረምሩ፣ በፔዳሉ ዘንግ የሚገፋውን የላይኛውን ሲሊንደር በአዲስ መለወጥም እንዲሁ ገንዘብ ማባከን ነው፤ እንዲያውም ክብደቱን ያመጣው ያው አዲስ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ብሌዝ ፓስካል እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ያለ ፈሳሽ የተቀበለውን ግፊት ሳያጓድል ወደ ሁሉም ወገን ያደርሳል። እንግዲህ ያው ግፊት በሰፊ ሲሊንደር ላይ ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 15.87 ሚሊ ሜትር የነበረውን የላይኛውን ሲሊንደር አውጥቶ በምትኩ ባለ 19.05 ያስገባ ሠራተኛ፣ ልዩነቱ ለዓይን ኢምንት ቢመስለውም፣ ለዚያው ሥራ ከነጂው እግር የሚፈለገውን ኃይል 44 በመቶ ጨምሮበታል። የተበላሸ ነገር ግን አንድም የለም።

ስለዚህ ምርመራው በሥርዓት ይሁን። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፔዳሉ ከሲሊንደሩ ዘንግ ተላቆ ብቻውን ይሞከር፤ ያን ጊዜም ከከበደ ነገሩ በፔዳሉ ማጠፊያ ወይም በተበየደው መያዣ ላይ ነው። ከዚያ ዘንጉ ይመለስና የፍሪሲዮኑን ሹካ ከሚገፋው ከታችኛው ሲሊንደር ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ቡሎን ተከፍቶ ይረገጥ፤ ፔዳሉ ከቀለለ በደሉ ከዚያ ወዲያ ባለው በታችኛው ሲሊንደር፣ በሹካው፣ በኩሽኔታው ወይም በሞላው፣ አለዚያም ከላይ በተባለው በሲሊንደሮቹ ልክ አለመመጣጠን ነው። ካልቀለለ ግን የጎማው ቱቦ በውስጡ አብጦ መተላለፊያውን አጥብቦ፣ ወይም መሪው ሲዛወር ዘንጉ ጠሞ ገብቶ የላይኛውን ሲሊንደር ግድግዳ እየፋቀ ይሆናል። በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው ካለ ጎሚኒዎቹ ማበጣቸው አይቀርም። የታችኛውን ሲሊንደር ፈትቶ በባዶ መርገጥ ግን ፒስተኑን አስፈንጥሮ ያወጣልና ማንም አይሞክረው።

ለጉልበታም ሞተር ሲባል ብርቱ ሞላ ገብቶ እንደ ሆነ ክብደቱ ደዌ ሳይሆን ዋጋ ነው። የላይኛውን ሲሊንደር በማሳነስ ማቅለል ይቻላል፤ ዳሩ ግን በኃይል የተገኘው በርቀት ስለሚከፈል፣ ፍሪሲዮኑ በሙሉ ሳይላቀቅ ፔዳሉ ወለል ይነካና ማርሹ እየጮኸ መግባት ይጀምራል።

እኔ በደል የምለው መኪና መለወጡን አይደለም፤ ጥበበ እድ በችግር ምክንያት መፈልሰፉ የተመሰገነ ነው። በደሉ የተለወጠው ነገር ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ሲሊንደሮቹ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሆኑ፣ ሞላው ከየትኛው መኪና እንደ መጣ፣ ዘንጉ በፔዳሉ በየትኛው ቀዳዳ እንደ ታሰረ፣ የትኛው ዘይት እንደ ተጨመረ የሚመሰክር አንድ ገጽ ወረቀት ከመኪናው ጋር ቢተላለፍ፣ ከላይ የተናገርኩት ምርመራ እኩሌታው በንባብ ይፈጸም ነበር። ባለ ጋራዡ ጽሕፈቱን እንደ ትርፍ ድካም ቈጥሮ እምቢ ይል ይሆናል፤ ደንበኛው ግን ወረቀቱ እስኪሰጠው ድረስ የመጨረሻውን ክፍያ በእጁ ማቈየት ይችላል።