አረቄ ተቀምሶ፣ ስፒከር በካርቶን?

ከአርሲ ነገሌ አረቄ የሚጭን ነጋዴ ሳይቀምስ አይከፍልም። ስንዴ ገዥም ጆንያ ውስጥ እጁን ሳይሰድ ዋጋ አይቆርጥም። ያው ነጋዴ ለሳሎኑ ጥንድ ስፒከር ሲገዛ ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አይቶ ብር ይቆጥራል።

ቁጥሩ ያሳስታል። በጉልህ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ስፒከሩ ለቅጽበት የሚችለው ጣሪያ እንጂ ሳያቋርጥ የሚሠራበት ኃይል አይደለም። ወደ ስፒከሩ የሚላከው ዋት እጥፍ ቢሆን እንኳ ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ ይህ ትንሽ ለውጥ ነው።

የመጀመሪያው ስሜትም አታላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ባሱ የሚደልቅ ስፒከር ለአምስት ደቂቃ ያስደስታል፤ ቤት ሲገባ የዘፋኙን ቃል ይውጣል። ስለዚህ ገዥው የሚያውቀውን ዘፈን ይዞ ይሂድ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ክራሩንና ቃሉን ለይቶ ያድምጥ፤ ከሌላ ጥንድ ጋር በእኩል ድምፅ ያወዳድር። የስፒከሩ ኦም ከአምፕሊፋየሩ ጋር መስማማቱንም ይጠይቅ።

ባለሱቁ «ካርቶኑ ከተከፈተ ማን ይገዛዋል?» ይል ይሆናል። አንድ ጥንድ ለናሙና ማውጣት ግን ከደንበኛ ጋር ከመካሰስ ይረክሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ መሳሳት ዛሬ ውድ ነው። አረቄው እንደሚቀመስ ሁሉ ስፒከሩም ይደመጥ።